ምስርና ሽሮ እየበላሁ ብረት ለምን አነሰኝ? ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ «ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተውኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ምስርና ሽሮ ከቤቴ አይጠፋም። ታዲያ ብረት አንሶሻል የተባልኩት ለምንድነው?» ብለሻል። እኔ እዚህ ጅማ ባልትና ነው የምሠራው። አጽዋማቱንም እጾማለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ብረቱስ እህሉ ውስጥ አለ። ግን ጥራጥሬ ፋይቴት የሚባል ነገር አለው፤ ብረቱንና ዚንኩን አስሮ ይይዛል። የሚፈታው አዘገጃጀቱ ነው። ሽምብራና ባቄላ ከሆነ ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውሃውን ድፊው። በቆልት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፤ እህሉ ሲበቅል ፋይቴቱን ራሱ ያፈርሰዋል። በጾም በቆልት መብላት የቆየ ልማዳችን ነው፣ አሁን ግን ከብዙ ቤት እየጠፋ መሆኑ ያሳዝነኛል።

እንጀራውም እንደዚያው ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ ፋይቴቱ በጣም ይቀንሳል። ለጥድፊያ በአንድ ሌሊት የሚጋገረው ይህን አያገኝም። «ጤፍ ብረት አለው» በሚለውም ብቻ አትተማመኚ። የሚለካው ብረት ብዙው በውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነት እንደልቡ አይወስደውም።

አሁን ለጅማ ሰው ለመናገር የሚከብደው ነገር ላይ ደረስኩ። ምሳ እንደተነሳ የሚጠጣው ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ሻይ ደግሞ ይብሳል። ቡና ተዪ አልልሽም፣ ማን ይተወዋል! ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው እንጂ። እኛ ቤት ጀበናው የሚጣደው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እንግዶች መጀመሪያ ቅር ይላቸው ነበር፣ አሁን ለምደውታል። በቡናው ቦታ ከሽሮው ጋር ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም በሎሚ ብዪ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል፣ ሲበስል ግን ብዙው ስለሚጠፋ ጥሬውን ይሁን።

ሐኪሙንም የወር አበባ መብዛትና የአንጀት ትል እንዳይሆን ጠይቂው። ሁለቱም ብረት ይጨርሳሉ፣ በምግብ ብቻ አይስተካከሉም።

ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 ግን በምንም አዘገጃጀት ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ጾም ፈትቶ ወተትና እንቁላል የሚበላ ሰው ብዙ አይቸገርም፤ ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚሆን ያስቀምጣል። አንቺ ግን ዓመቱን ሙሉ ስለተውሽው ተመርመሪና ኪኒን ወይም መርፌ ይታዘዝልሽ። እጅና እግርሽን የሚደነዝዝሽ ከሆነ ቶሎ ሂጂ። የብረት ኪኒን ከሰጡሽም በውሃ ዋጪው፣ በሻይ አይሁን።