ፈቃዱ የት ደረሰ? የካናቢስ ድርጅቶችና ባለአክሲዮኖች፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ እስክደክም እመልሳለሁ። ጉዳዩ አንድ ነው። የካናዳ ካናቢስ ድርጅቶች ፈቃድ ሲዘገይባቸው ለባለአክሲዮኑ ምን ይናገራሉ? ምንስ ይደብቃሉ? አንድ አብቃይ ድርጅት ውስጥ የፈቃድ ማመልከቻ አዘጋጅ ነበርኩ። የራሴንም ገንዘብ በዚሁ ዘርፍ አጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ግዙ ሽጡ ግን አልልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የያዝኩት ድርጅት ዓመት ሙሉ «ማመልከቻችን በግምገማ ላይ ነው» ይላል። ሄልዝ ካናዳ ነው የሚያዘገየው ወይስ እነሱ ናቸው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ሰፊ መልስ ይፈልጋል። ሄልዝ ካናዳ፣ ማለትም የካናቢስ ፈቃድ የሚሰጠው የካናዳ የጤና መሥሪያ ቤት፣ ያዘገያል፣ አልክድም። ግን መዘግየት ሁሉ የእሱ አይደለም። በሜይ 2019 መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን ቀየረና አዲስ አመልካች ግንባታውን ጨርሶ ይምጣ አለ። ለምን መሰለህ? ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የወረቀት ግምገማውን ካለፉት አመልካቾች ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ግንባታው ማለቁን የሚያሳይ ማስረጃ አላስገቡም ነበር። ማለትም የሚጠበቀው መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ድርጅቱ ነበር። ባለአክሲዮኑ ግን የሚሰማው «በግምገማ ላይ ነን» የሚለውን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የማልማት ፈቃድ አለን ማለት የመሸጥ ፈቃድ አለን ማለት አይደለም። «ፈቃድ አገኘን» የሚል መግለጫ ስታይ የምን ፈቃድ፣ ለየትኛው ሕንፃ፣ ለስንተኛው ክፍል ብለህ ጠይቅ።

እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ድርጅት አለ፣ ስሙን አልጠራም። አንድ ቀን አራት የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አተምኩና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አራቱም ላይ «የሽያጭ ፈቃዱ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይጠበቃል» ይላል። ነጠላ ሰረዟ እንኳን ቦታዋን አልለቀቀችም። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩባቸው። አራተኛው ላይ ግን ወደ ኋላ፣ ስለ ስጋት በሚያወራው ክፍል፣ ተቆጣጣሪው ተጨማሪ መረጃ ጠይቆናል የምትል አንዲት አዲስ መስመር ገብታለች። ዋናው ዜና እሷ ነበረች። በዚያው ሰሞን የወጣው መግለጫ ላይ ስለሱ ትንፍሽ አላሉም። ስለዚህ መግለጫውን ትታችሁ ሪፖርቱን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ይሄ ዘርፍ ይነሳል ወይስ አበቃለት?

መልስ፦ አላውቅም። የዛሬው ርዕስም አይደለም።

ጥያቄ፦ መዘግየቱን የመንገር ግዴታ አለባቸው? ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ አለባቸው፣ ግን ለሁሉም ነገር አይደለም። በካናዳ ደንብ የአክሲዮኑን ዋጋ በጉልህ ሊነካ የሚችል ለውጥ በሥራው ላይ ሲመጣ ድርጅቱ ወዲያው መግለጫ ያወጣል፣ ቢበዛ በ10 ቀን ውስጥ ደግሞ ሪፖርት ያስገባል። ክርክሩ ያለው «በጉልህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የሁለት ሳምንት መንጓተት ላይሆን ይችላል። የዓመቱ ገቢ በሙሉ የተንጠለጠለበት ፈቃድ ስድስት ወር ሲገፋ ግን በምን ሂሳብ ነው ቀላል የሚሆነው? ደግሞ አንዴ «በዚህ ቀን ይደርሳል» ብለው ተስፋ ከሰጡ፣ ያ እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር ሲመጣ በአመራሩ የሩብ ዓመት ማብራሪያ ላይ ማስተካከል አለባቸው። ብዙ ሰው ይህቺን አያውቃትም።

አንድ አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ከተቆጣጣሪ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ አደባባይ ይውጣ ከተባለ እኮ ድርጅቱን መግደል ነው። ተፎካካሪም ያነበዋል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡ የኔ ነው! ደብዳቤውን ዳይሬክተሩ አንብቦ እኔ ለምን አላነብም?

አንድ አባል፦ አንተ ስታነበው ደንግጠህ ትሸጣለህ፣ ያኔ ሁላችንም እንወድቃለን።

ሌላ አባል፦ እና አንተ እንዳትወድቅ እኔ ሳላውቅ አክሲዮኑን ይዤ ልቀመጥ?

መልስ፦ ተረጋጉ። በምስጢር መቆየት ያለበት ነገር ካለ ሕጉ ራሱ መንገድ አለው። ሪፖርቱን ለአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው በምስጢር ያስገባሉ፣ እስኪገለጥ ድረስ ግን ነገሩን የሚያውቅ ሰው መገበያየት አይችልም። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚባል ሦስተኛ መንገድ የለም።

ጥያቄ፦ የካንትረስት ነገር እንዴት ነበር?

መልስ፦ ይሄን ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። ካንትረስት የካናዳ ካናቢስ አብቃይ ድርጅት ነበር፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ፔልሃም የሚባል ቦታ ግሪንሃውስ ነበራቸው። ለአምስት ክፍሎች ማመልከቻ ገብቶ ፈቃዱ እየተጠበቀ ነበር። ሳይጠብቁ ከኦክቶበር 2018 እስከ ማርች 2019 አበቀሉባቸው። ፈቃዱ የመጣው በኤፕሪል ነው። ሕዝብ የሰማው ደግሞ በጁላይ 2019። አክሲዮኑ ወደቀ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ተባረረ፣ በሴፕቴምበር ፈቃዱ ታገደ፣ በ2020 ከአበዳሪ የሚከልል የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቁ። ፍትሐዊ ለመሆን ይሄንም ልጨምር፦ የተከሰሱት የቀድሞ አመራሮች በ2022 መጨረሻ ነፃ ተብለዋል። የኔ ነጥብ ወንጀሉ አይደለም። በእነዚያ ወራት አክሲዮን የገዛ ሰው የሚገዛውን አያውቅም ነበር። ይሄ ነው የሚያመኝ።

ጥያቄ፦ ድርጅቴ ፈቃድ በቅርቡ እናገኛለን ብሏል። ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ያለውን አንብቢ። የምን ፈቃድ? የቱ ደረጃ ላይ? «በቅርቡ» ቀን አይደለም። ሪፖርቱን አንብቢና ተመለሺ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ካናቢስን ወደ ሦስተኛው መደብ ታወርዳለች የተባለውስ?

መልስ፦ ሦስተኛው መደብ ማለት ቁጥጥሩ ላላ ያለ የመድኃኒት ዝርዝር ነው። ሐሳቡ በሜይ 2024 ቀረበ፣ ለጃንዋሪ 2025 የተያዘው የምስክሮች ችሎት ተሰረዘ። ያ የመንግሥት መዘግየት ነበር። ድርጅቱ እሱን እንደ ገቢ አስልቶ ካቀረበላችሁ ግን ጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ የሚበላና የሚጠጣው ካናቢስ ሲፈቀድስ ለምን ዘገየ?

መልስ፦ አልዘገየም። ሕጉ ኦክቶበር 17 2019 ጸና፣ ግን አምራቹ ምርቱን ለሽያጭ ከማቅረቡ 60 ቀን በፊት ለሄልዝ ካናዳ ማሳወቅ ነበረበት። ስለዚህ ከዲሴምበር አጋማሽ በፊት መደርደሪያ ላይ ሊደርስ አይችልም ነበር። ይሄ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ለባለአክሲዮኑ የኦክቶበሩን ቀን ነግሮ 60 ቀኑን የዘለለ ድርጅት ግማሹን ነው የነገረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለድርጅቱ ልጽፍላቸው ነው። ምን ልበል?

መልስ፦ አጭር አድርጊው። ማመልከቻው የገባው መቼ ነው? ተቆጣጣሪው ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈላችሁ መቼ ነው? ለሱ ጥያቄ መልስ ሰጥታችኋል ወይስ እስካሁን በእናንተ እጅ ነው? ፈቃዱ ስድስት ወር ቢዘገይ ገንዘባችሁ ያደርሳችኋል? አራቱን ብቻ ላኪ። ሁለት ሳምንት ጠብቂና ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናነበዋለን።