የድሬዳዋ ገጠር፦ ማን ይኖርበታል፣ በምን ይኖራል? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ልጅ «ድሬ ገጠር አላት እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁበት። የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም። ድሬ ተወልዶ አድጎ ከከተማው ሰፈሮች፣ ከከዚራ፣ ከመጋላና ከሳቢያን ወዲያ ያለውን አንድም ቀን ያላየ ሰው ብዙ ነው። እኔ በገጠር ቀበሌዎቹ ለረጅም ጊዜ በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ፤ ለዚህ ነው «ስለ ገጠሩ ሕዝብና ኑሮ ጠይቁኝ» ያልኳችሁ። ከመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ገጠሩ ምን ያህል ሰው አለው?

በ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ጠቅላላ ነዋሪ 341,834 ነበር። 233,224ቱ ከተሜ ሲሆን የቀረው 108,610 የገጠር ሰው ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ይቻላል። በመሬት ስፋት ከሄድን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አስተዳደሩ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ከተማው የያዘው ከዚያ ላይ ጥቂቱን ነው። ከተማው 9 ቀበሌ ሲኖረው ገጠሩ 38 አለው። እነሱም ብዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ አሰሊሶና ጀልዴሳ በሚባሉ አራት ክላስተሮች ተመድበዋል።

ከ1987ቱ ቆጠራ ጋር ሲተያይ ቁጥሩ የበለጠ ይናገራል። ያኔ ጠቅላላው 251,864፣ ከተማው 164,851፣ ገጠሩ 87,013 ነበር። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከተማው በመቶ 41 ሲያድግ ገጠሩ የጨመረው በመቶ 25 ብቻ ነው። የገጠር እናት ከከተማዋ ይልቅ ብዙ ልጅ እንደምትወልድ ይታወቃል። ሆኖም ያደገው ከተማው ነው። ምክንያቱ ፍልሰት ነው፤ ከራሱ ከድሬ ገጠርም፣ ከሐረርጌም፣ ከሌላውም የአገሪቱ ክፍል ሰው ወደ ከተማው ይገባል።

ጥያቄ፦ ይሄ እኮ ያረጀ ቁጥር ነው። አዲስ የለም?

ከ1999 በኋላ ቆጠራ አልተካሄደም። በ2010 ይካሄዳል የተባለው ደጋግሞ ተራዝሟል። ስታቲስቲክስ አገልግሎቱ በየዓመቱ ትንበያ ያወጣል፤ በእሱ መሠረት ጠቅላላው ነዋሪ ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል። ትንበያ ግን ሰው ቤት ድረስ ሄዶ መቁጠር አይደለም። በተለይ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ላለበት ቀበሌ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ድሬ በየሰንጠረዡ ከብዙ ክልሎች የተሻለች ሆና ነው የምትታየው። ታዲያ አንተ ለገጠሩ ይህን ያህል የምትጨነቀው ለምንድን ነው?

ጥሩ አድርገህ አነሳኸው። የምጨነቀው በዚያው ሰንጠረዥ ምክንያት ነው።

የ2008ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውሰድ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ በአገር ደረጃ 4.6፣ በድሬዳዋ 3.1 ነበር። ይህን ያየ «ድሬ በቤተሰብ ምጣኔ ጥሩ ሄዳለች» ይላል። በአገር ደረጃ ግን የከተማው አማካይ 2.3፣ የገጠሩ 5.2 ነው። ከነዋሪዋ ከሦስት ሁለቱ ከተሜ በሆኑባት በድሬ ደግሞ አማካዩን የሚጎትተው ከተማው ነው። ያ 3.1 የሚለው ቁጥር የከዚራዋን እናት በትክክል አይገልጽም፣ የዋሂሏንም አይገልጽም።

ትምህርት ቤት፣ ንጹሕ ውሃ፣ መብራት፣ የጤና ተቋም ርቀትም እንደዚሁ ነው። ኦሮሚያ ወይም አማራ ክልል ሲባል ሁሉም ሰው ገጠር በአእምሮው ይመጣበታል፣ ዕቅዱም ያንን ይዞ ይወጣል። ድሬዳዋ ሲባል የሚታሰበው ባቡሩ፣ ፋብሪካውና ታይዋን ገበያ ነው። 108 ሺህ ሰው በከተማ ስም ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ቢሮ ውስጥ በነበርኩ ጊዜ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጄን አውጥቼ የምጠይቀው «የገጠሩ ለብቻው ስንት ነው?» ብዬ ነበር፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ሪፖርት የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ የገጠሩን ዓምድ ከከተማው ጋር አትደምሩት።

ጥያቄ፦ ገጠሩ ላይ የሚኖሩት እነማን ናቸው?

በ1999ኙ ቆጠራ በአስተዳደሩ በሙሉ ኦሮሞ 46 በመቶ፣ ሶማሌ 24 በመቶ፣ አማራ 20 በመቶ፣ ጉራጌ 4.5 በመቶ ገደማ ነበር። አማራውም ጉራጌውም ከሞላ ጎደል ከተማ ነው ያለው። ገጠሩ የኦሮሞና የሶማሌ ነው፣ በሃይማኖትም ሙስሊም ነው ማለት ይቻላል። በደቡብ በኩል በዳገቱ ላይ ኦሮሞ አራሽ፣ በሰሜን ቆላው ላይ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደር ይበዛል። መስመሩ ግን በቢላዋ የተቆረጠ አይደለም። ጉርጉራዎችን ብትወስዱ በጎሳ ሶማሌ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። በቋንቋ ብቻ ተነሥቶ የሕዝብ ካርታ የሚሥል ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ የአስተዳደሩ ሥልጣን ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ ተብሎ ስለ መከፋፈሉ ምን ትላለህ?

የሥልጣን ክፍፍሉ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። የምናገረው ስለ ኑሮ ነው።

ጥያቄ፦ በምንድን ነው የሚተዳደሩት? ድሬ ምድሩ ሁሉ አሸዋና ሙቀት አይደለም ወይ?

ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሙቀቱን የምታውቁት እዚያ ነው። በደቡብ በኩል ወደ ደንገጎ ስትወጡ መሬቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ወደ ሰሜን ስትወርዱ ከ1,000 በታች ይደርሳል። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት ዓይነት ኑሮ አለ።

በዳገቱ በኩል የሁሉ ነገር መሠረት ማሽላ ነው። በልጉ ከጣለ በመጋቢትና በሚያዝያ ይዘራል፣ ክረምቱን ቆይቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ሰባት ስምንት ወር መሬት ላይ የሚቆይ እህል ስለሆነ ሁለቱም ዝናብ ያስፈልገዋል። በልጉ ከቀረ ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ፍለጋ ይሯሯጣል፤ ክረምቱ ቀድሞ ከወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ጠላቱ ዝናብ ብቻም አይደለም። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ሥሩን ይመጠዋል፤ በ1980 ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ መጀመሪያ የታየው ፋራምሲሳ የተባለው አረም ደግሞ ማሳውንም ግጦሹንም ወርሯል።

ማሽላ እህል ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገዳው ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ መኖ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ዘሩን ጠቅጠቅ አድርጎ ይዘራና እያሳሳ የነቀለውን ቡቃያ ደጅ ለታሰረው በሬ በእጁ ያበላዋል። አዲስ አበባ ላይ በበዓል ሰሞን የሐረር ሰንጋ እየተባለ በውድ የሚሸጠው እንዲህ ያደገ በሬ ነው። የግጦሽ መሬት የሌለው ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ እህልም ሥጋም የሚያወጣበት ይህ ዘዴ የድንቅ ዕውቀት ውጤት ነው። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ምክር ከመስጠቱ በፊት ቁጭ ብሎ ሊያየው ይገባል።

ምንጭ ወይም ጉድጓድ ያለበት ቦታ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ሎሚ ይለማል። ከከፊራ ገበያ የምትገዙት አትክልት አንዱ ክፍል ከዚህ ይመጣል። ቆላው ላይ ግመል፣ ፍየልና በግ ነው፤ ሴቶቹ ወተት ይዘው በጠዋት ከተማ ይገባሉ። መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ ከደረቁ ወንዞች አሸዋ ይጭናል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ከሰል ያከስላል፣ ከተማ ገብቶ ይሸከማል። አንዳንዱ ባቡሩን ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ከዚያም ባሕር ለመሻገር የሚሞክር አለ።

ጥያቄ፦ ጫቱን ነቅለው እህል ቢያመርቱ አይሻልም? ረሃቡን ያመጣው ጫት ነው የሚሉ አሉ።

ይህን የምትሉትን ልባችሁ ደግ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሒሳቡን ግን ከገበሬው ጋር ሥሩት። ብዙው ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው ያለው። ያንን ሁሉ ማሽላ ቢያለብሰው፣ ዝናቡም ቢሰምር፣ ዓመቱን የሚያደርሰው ስንቱን ነው? ጫቱ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀነጠሳል፤ ውሃ ያገኘ ሰው በበጋ ሲቀነጥስ ዋጋው ይወደድለታል። በዚያ ገንዘብ እህል ይገዛል፣ የልጁን ደብተር ይገዛል፣ በሽተኛውን ያሳክማል። ዳገቱ ላይ በድንጋይ እርከን የተጠበቀ ማሳ ካያችሁ ብዙ ጊዜ የጫት ማሳ ነው፤ ሰው የሚጠቅመውን መሬት ይንከባከባል።

ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። ጫት በአንድ ሁለት ቀን ካልተሸጠ ከንቱ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በሰጠው ዋጋ መሸጥ ግድ ይሆናል። መንገድ ወይም ድንበር አንድ ሳምንት ቢዘጋ ያ ቤተሰብ በዚያው ሳምንት እህል መግዣ ያጣል። የእህል ዋጋ ንሮ የጫቱ ሲወርድ ማሳው ለምልሞ ቤቱ ይራባል፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ይህን አይረዳውም። መቃሙስ? ወጣቱ ከቀትር ጀምሮ በርጫ ላይ ሲውል ያመኛል፣ በግልጽ እናገራለሁ። ነገር ግን መፍትሔው ገበሬውን መውቀስ አይደለም። ውሃ አምጡለት፣ የአትክልት ገበያ አሳዩት፤ ያን ጊዜ ራሱ ያመዛዝናል። በጉልበት ያስነቀሉት ተክል በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይተከላል።

ጥያቄ፦ ሴፍቲኔት ሰዉን አላሰነፈም?

አላሰነፈም። በ1997 ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ይደረግ ነበር፣ እህሉ የሚደርሰው ከብቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ሴፍቲኔት መሥራት የሚችለውን በበጋው ወራት እርከን፣ ኩሬና መንገድ እያሠራ ይከፍለዋል፤ አቅም የሌላቸውን አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይደግፋል። የሚከፈለው ትንሽ ነው። በዚያ የሚሰንፍ ሰው የለም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ክፍያው በዘገየ ቁጥር ፍየሏ ትሸጣለች፣ ፍየሏ እንዳትሸጥ ደግሞ ነበር ፕሮግራሙ የተጀመረው።

ጥያቄ፦ እኔ ከተማ ነኝ፣ ስለ ገጠሩ ምን አገባኝ?

እህቴ፣ የምትጠጪው ውሃ ያገባሻል። የከተማው ውሃ ለረጅም ዓመታት በዋናነት ሲቀዳ የኖረው ከሳቢያን ጉድጓዶች ነው፤ ያ የከርሰ ምድር ውሃ የሚተካው ከዳገቱ ወርዶ ከሚሰርገው ዝናብ ነው። ዳገቱ ከተራቆተ ግን ዝናቡ አይሰርግም፣ ይንደረደራል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያፈናቀለው ከላይ ከደጋው በወረደ ጎርፍ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ጥሩ ነው። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የሚሠራው እርከን ግን ከግንቡ እኩል በጀት ይገባዋል፤ የላይኛው አንዱ ክፍል ምሥራቅ ሐረርጌ ስለሆነ ድሬ ብቻዋን አትሠራውም።

ጥያቄ፦ ጀልዴሳ ድሮ ትልቅ ከተማ ነበረች ይባላል። እውነት ነው?

የታወቀች የሲራራ ነጋዴ ማረፊያና የጉምሩክ ኬላ ነበረች። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው፣ ከሐረርም የሚወርደው ቡናና ቆዳ በእሷ ያልፍ ነበር። በ1895 ባቡሩ ሲመጣ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ስላልቻለ ሥሩ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ንግዱም ወደዚያ ሄደ። ዛሬ ጀልዴሳ የገጠር ክላስተር ስም ናት።

ጥያቄ፦ ነፃ የንግድ ቀጠናው ለገጠሩ ምን ያመጣል?

ነሐሴ 2014 የተመረቀው ቀጠና በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩና አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም በአቅራቢያው አሉ። ሥራ ያመጣል፣ ግን ለማን? ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ያቋረጠ የገጠር ልጅ ያለ ሥልጠና በጥበቃና በጭነት ብቻ ነው የሚገባው። ከተማው ሲሰፋ መሬቱን የለቀቀ ቤተሰብም ካሳውን አንዴ ተቀብሎ ከበላው በኋላ የሚተካለት የለም። ከካሳው ጋር ለልጁ የሙያ ሥልጠና ቢሰጠው፣ ከቀጠናው ምግብ ቤቶች ጋርም የአትክልት ውል ቢታሰርለት እላለሁ።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን በገጠር ድሬ የቤተሰብ ገቢ ላይ መሥራት አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

ወሩን አስብበት። ታኅሣሥ ላይ ብትሄድ ማሽላው ገብቷል፣ ቤቱ ጠግቦ ታገኘዋለህ። ያንኑ ቤት ሰኔ ላይ ብትጠይቀው ጎተራው ባዶ ነው፣ እህል በጫት ወይም በቀን ሥራ ገንዘብ ይሸምታል። ከቻልክ ሁለት ጊዜ ሂድ፤ ካልቻልክ የሄድክበትን ወር ጽሑፍህ ላይ በግልጽ አስቀምጥ። «ገቢህ ስንት ነው?» ብለህ አትጀምር፤ ስንት ጊዜ ጫት ቀነጠስክ፣ በስንት ሸጥክ፣ ስንት ፍየል ወጣ እያልክ ጠይቅና ራስህ ደምር። የላከልህም የጅቡቲ ዘመድ ካለ ለብቻው መዝግብ። ወደ ጀልዴሳ በኩል ከሆነ ሶማሊኛ የሚችል፣ ወደ ዋሂልና ብዮ አዋሌ ከሆነ ኦሮምኛ የሚችል ጠያቂ ይዘህ ሂድ። የወተቱንና የአትክልቱን ገንዘብ የምትይዘው ሚስት ስለሆነች እሷን የምትጠይቃት ሴት ትሁን።