ሰው በሞላበት ከተማ ሰው ናፈቀኝ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ለሥራ ብዬ ከተማ ከቀየርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ባልደረቦቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እንሳሳቃለን፣ እንቀላለዳለን፣ ከቢሮ ስንወጣ ግን ሁሉም በየፊናው ነው። ማታ ማታ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር በስልክ ሳወራ አመሻለሁ። ስዘጋው ይብስብኛል። መደወሉን ልተው?

መልስ፦ አይተዉ፤ ሰዓቱን ግን ይለውጡት። ሥራ ላይ ለሚውል ሰው አዲስ ሰው የሚያገኝበት ጊዜ ማታ ያለችው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ናት። እሷ በየቀኑ በስልክ ካለቀች አዲሱ ከተማ ማደሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከቅርብ ጓደኞችዎ ጋር በሳምንት አንድ ቁርጥ ያለ ቀን ይያዙ፤ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት፣ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። በቀሩት ቀናት የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይበቃል። እሱም "ናፈቃችሁኝ" ብቻ አይሁን፤ ዛሬ ያዩትን፣ ያሳቀዎትን ጥቃቅን ነገር ይንገሯቸው። ወዳጅነት የሚሞቀው በእንዲህ ያለ ተራ ወሬ ነው። እነሱ ተሰብስበው የተነሱትን ፎቶ የሚለቁበት የጋራ ገጽ ካለ ደግሞ ለጊዜው ድምፁን ቢያጠፉት ማንንም መካድ አይሆንም።

ስምንት ወር ሞልቶ ጓደኛ ያለማግኘትዎ የእርስዎ ጉድለት አይምሰልዎ። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚገምተው፣ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመለወጥ 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባባል 90 ሰዓት ገደማ፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። ሥራ ላይ አብረው የዋሉበት ሰዓት ደግሞ የዕረፍት ሰዓትን ያህል አያቀራርብም። ከአንድ ሰው ጋር በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢያሳልፉ 50ኛው ሰዓት የሚሞላው በ25ኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ ከባልደረቦችዎ መካከል አብሮ መዋል የሚቀልዎትን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይምረጡና ከቢሮ ውጭ ያግኟቸው። አሥሩንም ልያዝ ያለ ሰው ሰዓቱን በትኖ ባዶ እጁን ይቀራል።

ነገር ግን ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅዎ ቆይቶ እንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት ካጠፋብዎት፣ ድሮ የሚወዱትም ነገር ካስጠላዎት፣ ጉዳዩ ናፍቆት ብቻ ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ አንድ የስፖርት ቡድን ውስጥ ገብቼ አምስት ጊዜ ሄድኩ። ሁሉም ቀድሞ የሚተዋወቅ ነው። እኔ ዳር ቆሜ እመለሳለሁ። ብተወው አይሻልም?

መልስ፦ ገና ነው። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሞርላንድና ቢች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ሙከራ ለእርስዎ የተሠራ ይመስላል። አራት ሴቶችን መርጠው አንዷ ተማሪዎች ወደሚማሩበት ክፍል ፈጽሞ እንዳትገባ፣ ሌሎቹ 5፣ 10 እና 15 ጊዜ እየገቡ ዝም ብለው እንዲቀመጡ አደረጉ። ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። መጨረሻ ላይ ተማሪዎቹ ፎቷቸውን ሲያዩ፣ ብዙ ጊዜ የመጣችውን የበለጠ ወደዷት። ዳር መቆምዎ ራሱ እየሠራልዎት ነው ማለት ነው።

ከ8 እስከ 10 ጊዜ ሳይሄዱ አይፍረዱ። እስከዚያው የሚያበላሸው ነገር በሰዓቱ ደርሶ፣ እንዳለቀ እብስ ብሎ መሄድ ነው፤ ሰው የሚግባባው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነውና። ሩብ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፣ ሲያልቅም ሩብ ሰዓት ይቆዩ። ትንሽ ኃላፊነትም ይውሰዱ፦ ኳስ መያዝ፣ ስም መመዝገብ፣ ዕቃ መሰብሰብ። ሥራ ያለው ሰው "ምን ልበል?" ብሎ አይጨነቅም፤ ሌሎቹም እሱን የሚያናግሩበት ሰበብ ያገኛሉ። ስም ሲነግሩዎት ወዲያው መልሰው ይጥሩት፤ ቤት ሲገቡም ስሙን ከአንድ ምልክት ጋር ስልክዎ ላይ ይጻፉት።

አሥር ጊዜ ሄደውም በስምዎ የሚጠራዎት ከሌለ ቡድኑን ይቀይሩ። ሲመርጡ፦ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት የሚገናኝ፣ ፊቱ የማይለዋወጥ፣ ከ15 ሰው የማይበልጥ፣ ከቤትዎ ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይርቅ ይሁን። መንገዱ ከረዘመ በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ወይም ድካም ያስቀርዎታል። መቶ ሰው የሚሞላው የአንድ ቀን "የትውውቅ ምሽት" ብዙ ስልክ ቁጥር ያስገኛል፣ ከዚያ በላይ ብዙም አይጠብቁበት።

ጥያቄ፦ "አንድ ቀን እንገናኝ" ስላቸው ሁሉም "በጣም ደስ ይለኛል" ይሉኛል። ቀኑ ግን አይመጣም።

መልስ፦ ቀን ስለሌለው ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚፈጀውን ጊዜ ይንገሩ፣ እምቢ ማለቱንም ያቅልሉላቸው፦ "ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ልዞር ነው። ከተመቸህ አብረን እንሂድ፤ ካልተመቸህም ችግር የለም።" ሰውዬው "ቅዳሜ አይመቸኝም፣ እሑድስ?" ካለ ፈልጎዎታል። አማራጭ ሳያመጣ ከቀረ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ያኔም እንዲሁ ከሆነ ሳይቀየሙ ወደ ሌላ ሰው ይለፉ። ከተገናኛችሁ ደግሞ ሳትለያዩ ቀጣዩን ቀን ቁረጡ። ብዙ ጅምር ወዳጅነት የሚቀረው ሁለተኛውን ቀጠሮ ማን ይጠይቅ በሚል መተያየት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አብራኝ ናት፣ እንዋደዳለን። ሆኖም ሰው ይርበኛል። ይህን ብነግራት ቅር የሚላት እየመሰለኝ ዝም አልኩ።

መልስ፦ ይንገሯት። ሮበርት ዋይስ የተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ብቸኝነትን በሁለት ከፍሎታል፦ የልብ ሰው ማጣትና የሚቀላቀሉት ማኅበር ማጣት። አንዱ ቢሟላም የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። "አንቺ አትበቂኝም" ሳይሆን "አብረውኝ የሚስቁ ሰዎች ናፈቁኝ፣ አንቺስ?" ብለው ይጀምሩ፤ እሷም ተመሳሳይ ነገር ደብቃዎት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በሳምንት አንድ ምሽት ለየብቻችሁ የምትወጡበት፣ ሌላው አብራችሁ ሰው የምትጋብዙበት ይሁን። ልጆች ካሏችሁ የመውጫውን ምሽት በተራ ያዙ፣ ተራውንም በጽሑፍ አስቀምጡት፤ በቃል የቀረ ተራ በሁለተኛው ሳምንት ያጣላል።