አሮጌ ጀልባ ለገዛችሁ ወገኖች፦ ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት

«ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ልግዛ?» ብሎ የሚደውልልኝ ወገን በዝቷል። ደዋዩ ብዙውን ጊዜ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ትሮውለር የገዛ ነው፤ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ቅርጽ ያላት፣ ውስጧ መኝታና ማብሰያ ያላት፣ ቀስ ብላ ረጅም መንገድ የምትሄደዋን ዓይነት። እንዲህ ያለች ጀልባ ሲያትልና አካባቢው በርካሽ ትገኛለች። የረከሰችውም አብዛኛውን ጊዜ ሞተሯ አርጅቷል ስለተባለ ነው። ከዚያ በኋላ ገዢው ከጀልባዋ ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ ለሞተር ሊያወጣ ይነሣል። የዕቁብ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እንድታነቡልኝ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

እኔ የናፍጣ ሞተርን ያወቅሁት ምጽዋ፣ «ኢትዮጵያ» በምትባለው የባሕር ኃይላችን መርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ያቺ መርከብ በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ወደ እኛ ከመዛወሯ በፊት «ኦርካ» ትባል ነበር። የተሠራችው ደግሞ እዚሁ ሲያትል አጠገብ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር፣ ሆተን በሚባለው ስፍራ ነው። ስፍራው ዛሬ የከርክላንድ ከተማ አካል ሆኗል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ሙያዬን ያስተማረችኝ መርከብ የዚህ ሐይቅ ልጅ እንደነበረች አስባለሁ።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አሮጌው ሞተር በእርግጥ ማለቁን አረጋግጡ። በእነዚህ ጀልባዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ፎርድ ሌማን ነው። ፎርድ እንግሊዝ አገር ይሠራው የነበረውን ባለ 6 ሲሊንደር፣ 6.2 ሊትር ሞተር ሌማን የተባለው የኒው ጀርሲ ኩባንያ ለባሕር አዘጋጅቶ የሸጠው ነው። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፣ 120 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሌላው ፐርኪንስ 6.354 ነው፤ አገር ቤት በማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ የምታውቁት የፐርኪንስ ቤተሰብ መሆኑ ነው። ሁለቱም በሥርዓት ከተያዙ ከ10,000 ሰዓት በላይ ሊሠሩ የሚችሉ ሞተሮች ናቸው፤ መለዋወጫቸውም ዛሬ ድረስ ይገኛል።

አንድ ባልና ሚስት ሌማን ሞተራቸው ከመጠን በላይ እየጋለ አስቸገራቸውና «አልቆለታል፣ ቀይሩት» ተባሉ። ሄጄ የሙቀት መለዋወጫውን፣ ማለትም የሞተሩ ሙቀት ወደ ባሕር ውኃ የሚተላለፍበትን ዕቃ፣ ክዳን ፈታሁት። እርሳስ የሚያካክሉት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች በጥቁር የጎማ ስብርባሪ ተጠቅጥቀዋል። የባሕር ውኃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ የጎማ ክንፎች ያሉት መንኮራኩር አለ። ክንፎቹ በየዓመቱ ሲሰበሩ የቀየረው ሰው አዲሱን ያስገባል እንጂ የጎደሉት ክንፎች የት እንደገቡ አልፈለገም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ በሽቦ አወጣነው፣ ቱቦዎቹን አጠብን፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይረን ዩኒየን ሐይቅ ላይ ነዳናት። የሙቀት መለኪያው 180 ፋራናይት ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ከዚያ አልነቃነቅም አለ። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ስለዚህ የየሲሊንደሩን ግፊት አስለኩ። የሞተሩን ዘይት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ ወጪው ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ዘይቱ ውስጥ ሶዲየም በብዛት ከተገኘ የባሕር ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህ ክፉ ዜና ነው። ጭሱንም እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየር አንሶታል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ አለ። የሌማን 120 ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ የራሱ ዘይት እንዳለው አትርሱ፤ በየ50 ሰዓቱ መቀየር አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ፓምፑን ይገድልና ሞተሩን ይወቅሳል።

እንግዲህ ምርመራው ተደርጎ ሞተሩ በእርግጥ ካለቀ ስለ ጉልበት እንነጋገር። የመኪና ልማዳችን እዚህ ያሳስተናል። የእነዚህ ጀልባዎች አካል ውኃውን ገፍቶ የሚሄድ ነው፤ በላዩ ላይ ተንሳፍፎ አይበርም። የፍጥነቷን ወሰን የሚሰጣት ርዝመቷ ነው። በውኃ ላይ ያላትን ርዝመት በጫማ ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡና በ1.34 አባዙት። 35 ጫማ ከሆነች ወደ 7.9 ኖት ይመጣል፤ ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ብትሞክሩ ከኋላ ትልቅ ማዕበል እያስነሣችሁ ናፍጣ ታቃጥላላችሁ እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርላችሁም።

የሚያስፈልጋትን ጉልበት ለማወቅም ከሻጭ አትጠይቁ፤ ነዳጇን ለኩ። አንድ የናፍጣ ሞተር በሰዓት አንድ ጋሎን ሲያቃጥል ወደ 18 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ባለ 36 ጫማ ትሮውለር በ7 ኖት ስትሄድ በሰዓት 2 ጋሎን አካባቢ ትበላለች። አስሉት፤ 36 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። 120 ጉልበት ያለው ሞተር ተሸክማ የምትሠራው በሲሶው ነው! ለዚህች ጀልባ ከ80 እስከ 100 ጉልበት ያለው ሞተር የነፋስና የማዕበል መጠባበቂያ ጨምሮ ይበቃታል። 250 ጉልበት ያለው ባለ ቱርቦ ሞተር ብትገጥሙላት ግን ዕድሜውን ሙሉ ሳይሞቅ፣ ሳይለፋ ይኖራል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ሥራ ሲያጣ ይታመማል፦ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) መያዝ ይተዋል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል።

«ከሲያትል ወደ አላስካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኃይለኛ የውኃ ፍሰትስ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቫንኩቨር ደሴት በኩል ሲሞር ናሮውስ የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ውኃው እስከ 15 ኖት ይፈስሳል። በ8 ኖት ለምትቆም ጀልባ 300 ጉልበት ብትጨምሩላት ያንን አታሸንፈውም። እዚያ የሚያሳልፋችሁ የፍሰቱን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው፤ ውኃው ፀጥ የሚልበትን ደቂቃ ጠብቃችሁ ትገባላችሁ። በትልልቅ ሞተር ተማምኖ ሰዓቱን ያልጠበቀ ሰው ቤተሰቡን ይዞ አደጋ ውስጥ ይገባል፤ ይህን በቁም ነገር እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ።

የቱን ሞተር ላላችሁኝ፣ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፦ ያንኑ ሞተር ሙሉ በሙሉ አሳድሱት፣ ወይም ታድሶ የተዘጋጀ ተመሳሳይ ግዙ። መቀመጫው፣ ካምቢዮው፣ ማርሚታው፣ ፕሮፔለሩ ሁሉ ያው ስለሆነ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። አዲስ ካላችሁ ግን ጆን ዲር 4045ን፣ ወይም የኩቦታን ሞተር ለባሕር የሚያዘጋጀውን ቤታ ማሪንን እዩ። ያንማርም መልካም ነው። ዋናው ነገር በአላስካው መንገድ ባሉት ወደቦች፣ ኬቺካን ወይም ፕሪንስ ሩፐርት ላይ ብትቆሙ መለዋወጫውንና የሚያውቀውን ሰው ታገኛላችሁ ወይ የሚለው ነው። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጠቀሙበትን ሞተር ጠይቁ፤ ሲያትል ውስጥ ባላርድ ሠፈር አጠገብ ወደሚገኘው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ሄዳችሁ አንድ ቅዳሜ ብትውሉ ከማንኛውም ሻጭ የበለጠ ትማራላችሁ።

ሻጩ የሚነግራችሁን የጉልበት ቁጥርም በደፈናው አትቀበሉ። አንዱ ሞተር ቀን ከሌሊት ለሚሠራ ጀልባ ሲሸጥ በዝቅተኛ ጉልበት፣ ለመዝናኛ ጀልባ ሲሸጥ በከፍተኛ ጉልበት ይመዘገባል። ጆን ዲር ይህን ከኤም1 እስከ ኤም5 ብሎ ይከፍለዋል። ኤም5 ሙሉ ጉልበቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ለምትሄዱት ለእናንተ ወደ ኤም1 የቀረበው ይሻላችኋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ከሞተሩ ኋላ ባለው ነው። አሮጌው በደቂቃ 2,500 ዙር የሚሽከረከር ከሆነና ካምቢዮው የሞተሩን 2.5 ዙር ወደ 1 የሚቀንስ ከሆነ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,000 ይዞራል። አዲሱ 3,000 የሚዞር ከሆነ ያንን ፍጥነት ለማግኘት 3 ዙር ወደ 1 የሚቀንስ ካምቢዮ ያስፈልገዋል። ጉልበቱ ስላነሰም ያንኑ ፕሮፔለር እስከዚያ ሊያዞረው አይችልም፤ የክንፉ ዝንባሌ መቀነስ አለበት። ይህን ስሌት የሚሠራው ፕሮፔለር አስተካካዩ ነው፤ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት አናግሩት። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲገፋ ሞተሩ የተመዘገበለትን ዙር መድረስ አለበት። ካልደረሰ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል፤ ዕድሜው ያጥራል፣ ዋስትናውም ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

የሳሎኑን በር ስፋት ለኩ፤ ሞተሩ የሚወጣውም የሚገባውም በዚያ ነው። ሞተሩ የተቀመጠበትን ተሸካሚ እንጨት በመዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ በስብሷል። የማርሚታው መስመር ስፋት አምራቹ የጠየቀው መሆን አለበት፤ ውኃ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባም ከውኃው ወለል በላይ ከፍ ብሎ መዞር አለበት። ካምቢዮውንና የፕሮፔለሩን ዘንግ የሚያገናኙት ሁለት ክብ ብረቶች መገጣጠም የሚለካው ጀልባዋ ውኃ ላይ ከወረደችና ጥቂት ቀናት ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ የብስ ላይ ቆማ ቅርጿ ሌላ ነው። 4 ኢንች ስፋት ባለው መጋጠሚያ በላይና በታች፣ በግራና በቀኝ ያለው ልዩነት ከ0.004 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ቀጭኗ የመለኪያ ብረት ስትገባ ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ። ይህ ካልተደረገ የካምቢዮው ኩሽኔታ ሳይውል ሳያድር ይበላል።

የከባድ መኪና ሞተር አሳምሮ የሚፈታ ወንድም ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ብሎክና ቴስታታ ላይ ይርዳችሁ፣ በደስታ። የባሕር ውኃ ማቀዝቀዣውንና የማርሚታውን መስመር ግን የጀልባ ሥራ ለሚያውቅ ስጡ፤ እዚያ ላይ የሚሠራ ስህተት ጀልባ ያሰጥማል። ከማንም ጋር፣ ወገንም ቢሆን፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና በጽሑፍ ተዋዋሉ። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፕሮፔለሩ፣ ማርሚታው፣ የጉልበት ዋጋው ለየብቻ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ጀልባዋ ባሕር ላይ ተነድታ፣ ነዳጅ መስጫው ተገፍቶ፣ ዙሩና ሙቀቱ በወረቀት ከተመዘገበ በኋላ ይሁን።

ሥራውን በመስከረምና በጥቅምት ውል ያዙለት። በአሜሪካው ጸደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁሉም ሰው ጀልባውን ማውረድ ስለሚፈልግ የጥገና ሠፈሮቹ ይጨናነቃሉ፤ ዋጋ ለመደራደርም ሆነ መካኒኩ ጊዜ ወስዶ እንዲሠራ ለማድረግ የብርዱ ወቅት ይሻላል።