«ናኖ» የሚል ክሬም ተቀብቼ ልጄን ሳጠባ ነበር፤ ደሜን ልመርመር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የአምስት ወር ሕፃን አጠባለሁ። በእርግዝናዬ ጊዜ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ጀርመን ያለችው እህቴ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ላከችልኝና ከወለድኩ በኋላ ተቀባሁት። ከዚያ ቲክቶክ ላይ አንዷ «ናኖ ያለበት ክሬም በቆዳ ሰርጎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ካንሰር ያመጣል» ስትል ሰማሁ። ዕቃውን ገልብጬ ባየው እውነትም ከዚንክ ኦክሳይድ ቀጥሎ በቅንፍ ናኖ ይላል። የዚያኑ ቀን ተውኩት። አሁን ጎረቤቴ የሰጠችኝን፣ በትንሽ ብልቃጥ ያለ፣ ምንም ያልተጻፈበት ክሬም ነው የምቀባው። ማድያቱን በሁለት ሳምንት አጠፋልኝ፤ ግን አንድ ማታ ከዘለልኩ ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል። ናኖው ደሜ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ የት ነው የሚሠራው? ሁለቱንም ክሬሞች ክንዴ ላይ ሞክሬ ምንም አልሆንኩም፤ ይህስ አይበቃም?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ደምዎ ነው፤ እንቅልፍ የነሣዎት ግን የጡትዎ ወተት መሆኑ ይገባኛል። ከእሱ ልጀምር። በእህትዎ ክሬም ምክንያት ልጅዎን አልጎዱትም። የደም ምርመራም አያስፈልግዎትም። ዚንክ በማንኛውም ሰው ደም ውስጥ ያለ፣ ከሥጋና ከሽምብራ ጭምር የምናገኘው ማዕድን ነው። ላቦራቶሪ ሄደው ቢያስለኩት ከምሳዎ ይምጣ ከክሬምዎ ለይቶ የሚነግርዎት የለም።

ፍርሃትዎ ግን ከንቱ አይደለም። ዚንክ ኦክሳይድ ፀሐይን የሚመልስ ነጭ ዱቄት ነው፤ በደንቡ ሲፈጭ እንደ እኛ ያለ ጠይም ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያ እንዳይሆን ነው ከ100 ናኖሜትር በታች የሚያደቁት፤ «ናኖ» የሚባለውም ይህ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል የደቀቀ ነገር ቆዳን አልፎ አይገባም ወይ ብለው የጠየቁት ሳይንቲስቶችም ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ ናኖ የሚለው ቃል በቅንፍ እንዲጻፍ ያስገደደው ገዢው እንዲያውቅ ነው፤ የአደጋ ምልክት አይደለም።

ምርመራው እንዲህ ነው የሚሠራው። በቀዶ ሕክምና የተወገደ የሰው ቆዳ፣ ወይም ለሰው ቆዳ የሚቀርበው የአሳማ ጆሮ ቆዳ፣ ከሁለት የብርጭቆ ክፍሎች መካከል እንደ ክዳን ይወጠራል። ከላይ ክሬሙ ይቀባል፤ ከታች ፈሳሽ አለ፤ ቆዳው በሕይወት ያለ ሰው ቆዳ በሚኖረው ሙቀት፣ 32 ዲግሪ አካባቢ፣ ይቆያል። ለ24 ሰዓት ያህል ከታች ካለው ፈሳሽ በየጊዜው እየተቀዳ ይለካል። መጨረሻ ላይ ቆዳው በሚያጣብቅ ፕላስተር ንብርብሩ አንድ በአንድ ይላጥና እያንዳንዱ ንብርብር ምን ያህል ዚንክ እንደያዘ ይታያል። ደጋግሞ የተገኘው ውጤት ዱቄቱ የላይኛው የሞተ ንብርብር ላይና የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎች ውስጥ መቅረቱ ነው።

የተቆረጠ ቆዳ እንደ ሕያው ሰው አይሆንም ለሚል ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ፣ በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ፈቃደኛ ሰዎች ከሌላው ዚንክ ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ዚንክ ያለበትን ክሬም ለአምስት ቀን ባሕር ዳርቻ ላይ ተቀቡ። ከዚያ ዚንክ ወደ ደማቸው የገባው፣ ደማቸው ውስጥ ካለው ዚንክ ሁሉ አንድ ሺህኛ ያህል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የሳይንስ ኮሚቴም በ2012 ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ ክሬም ውስጥ እስከ 25 በመቶ ቢገባ ቆዳ ላይ ሥጋት የለውም ብሏል። የሚረጨውን ዓይነት ግን አልፈቀደም፤ ሳንባ የቆዳ ዓይነት መከላከያ የለውም። ናኖ የሚባል ሁሉ ያልፋል ማለትም አይደለም፤ በ2024 ኅብረቱ የወርቅ፣ የብርና የፕላቲኒየም ናኖ ዱቄቶችን ከመዋቢያ ከልክሏል። «ወርቅ ያለበት» የሚባል ክሬም ቢያመጡልዎ ይተዉት። የእህትዎ ክሬም ከዚህ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንምጣ። እዚህ ላይ ቆጣ ብል አይቀየሙኝ።

ሳይንቲስቶች ለዓመታት የፈተኑትን፣ ምን እንደያዘ ጀርባው ላይ የተጻፈበትን ክሬም በአንድ ቪዲዮ ጣሉ፤ ምን እንደያዘ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቀውን ግን ማታ ማታ ፊትዎ ላይ ይቀባሉ፤ ልጅዎም ጉንጩን እዚያው ላይ ያሻሻል። ማድያት በሁለት ሳምንት አይጠፋም። በትክክለኛ መድኃኒት እንኳ ወራት ይወስዳል። «ቶሎ ካጠፋ ጎበዝ ክሬም ነው» የሚለው ወሬ ስንቱን ፊት እንዳበላሸ የቆዳ ክፍል ደጃፍ ላይ ለግማሽ ቀን ቢቀመጡ ያዩታል። ቶሎ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ውስጡ የተደበቀ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን። አንዳንዱ ደግሞ ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል፣ በእጅና በፎጣም ወደ ሕፃን ይተላለፋል።

«አንድ ማታ ከዘለልኩ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል» ያሉትን ደግመው ያንብቡት። ከደብዳቤዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ቆዳዎ ስቴሮይድ መልመዱን ነው የሚናገረው። ሲቀቡት ይበርዳል፣ ሲተዉት ይነዳል፤ ስለዚህ ሰው «ክሬሙ ተስማምቶኛል፣ መተዉ ነው ያመመኝ» ብሎ ይመለስበታል። በተመለሱ ቁጥር ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ማድያቱም ብሶ ይመለሳል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ግላኮማ (ዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ማየትን የሚጎዳ ሕመም) እና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ክንድዎ ላይ ያደረጉት ሙከራም እዚህ ላይ አታሎዎታል። ሙከራው ማሳከክና አለርጂ ቢያሳይ ነው፤ ምን ወደ ውስጥ እንደሚገባ አያሳይም። ስቴሮይድ ደግሞ ራሱ መቅላትና ማሳከክን የሚያጠፋ መድኃኒት ነውና ክንድ ላይ ብዙ ጊዜ «ደህና» ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ከላይ የነገርኩዎት የናኖ ምርመራ ሁሉ መሠረቱ ያልተጎዳ ቆዳ ነው። ዚንኩን ውጭ ያስቀረው ያ የላይኛው ንብርብር ነው፤ የብልቃጡ ክሬም የሚያሳሳውም እሱኑ ነው። ናኖን ፈርተው የሸሹት፣ ናኖን የሚያግደውን አጥር ወደሚያፈርሰው ክሬም ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አይቀቡት። ፊትዎ ይቀላል፤ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያልፋል። አይመለሱበት። ከፋርማሲ ሌላ ቅባት በራስዎ ገዝተው አይጨምሩበት፤ ፊትዎን በውኃ ብቻ ይታጠቡ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይበቃል። በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ካሉ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ። የሽንትና የኩላሊት ምርመራም ይጠይቁ፤ ሜርኩሪ ቢኖርበት ለእርስዎም ለልጅዎም ማወቅ ያስፈልጋል። ፊትዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ሽንትዎ አረፋ ካበዛ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቀጠሮ አይጠብቁ። ይህን ዓይነት ክሬም ሙሉ ሰውነቷን ለወራት የቀባች አንባቢ ካለች ግን በአንድ ጊዜ ከመተዋ በፊት በፍጥነት ሐኪም ትይ፤ ድንገት ስትተወው ድካም፣ ማስመለስና ራስ ማዞር ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

የእህትዎን ክሬም አይጣሉት። ቆዳዎ ሲያገግም ሐኪሙን አሳይተው ይመለሱበት፤ በየሁለት ሰዓቱ ይደግሙታል፣ ባርኔጣ ወይም ነጠላም ይጨምሩበት። ለማድያት ደግሞ ብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው ዓይነት ይበልጥ ይረዳል፤ የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላልና። ማጥባትን በተመለከተ የሜርኩሪው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ሐኪምዎን ሳያማክሩ በራስዎ አያቋርጡ። ብልቃጡን ከነተረፈው ፌስታል ውስጥ አስረው ይዘው ይሂዱ፤ ጎረቤትዎንም አብራዎት እንድትሄድ ይንገሯት፣ ከየት እንደገዛችውም ለሐኪሙ ትናገር።