መልስ፦ ላሟን የት ልውጋት?

ወንድሜ፣ ላምህ ታፋዋ ላይ መርፌ ከተወጋች ወዲህ እያነከሰች መሆኑን ጽፈህ፣ «የነገውን ፔኒሲሊን የት ልውጋት?» ብለሃል። አንገቷ ላይ ነው። ታፋ ውስጥ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። መርፌው ከነካው እግሯ ሊሰንፍ ይችላል። ስለዚህ ማነከሷን በዝምታ አትለፈው፣ ሐኪም ይያት።

አንገት ሲባል ግን የትም አይደለም። ከላይ ጅማቱን፣ ከታች አከርካሪውን፣ ከኋላ ትከሻዋን ተው። በሦስቱ መሃል ያለው ሥጋማ ቦታ ነው የሚወጋው። እበት ወይም ጭቃ ካለበት አጥበህ አድርቀው። አዲስ መርፌ ተጠቀም። ከሁሉም በፊት ደግሞ በደንብ ትታሰር፤ ስትወራጭ መርፌው ውስጥ ሊሰበር ይችላል።

መርፌውን ብቻ አስገባ፣ ከዚያ ሲሪንጁን ግጠምና መግፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ። ደም ከመጣ አውጥተህ ሌላ ቦታ ውጋ። እባክህ ይቺን እንዳትዘላት! ፕሮኬይን (ማደንዘዣ) ያለበት ፔኒሲሊን ደም ሥር ከገባ ላሟን አንዘፍዝፎ ሊጥላት ይችላል። ደም ከሌለ ቀስ ብለህ ግፋ። በአንድ ቦታ ከ10 ሚሊ ሊትር አትለፍ፤ የተረፈውን በሌላኛው ጎን ስጣት። መጠኑን በክብደቷ ልክ የሚወስንልህ ሐኪሙ ነው።

ሌላው ወተቱ ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እንዲጠበቅ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት እስኪያልፍ አትሽጠው፣ ለልጆችም አትስጥ። ማፍላት መድኃኒቱን አያስወጣውም።

ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ሰብስበህ ለክሊኒኩ መልስ። በረት ውስጥ አትጣለው።