«አራተኛውን አቫታር በ2029 ልጠብቅ?»

ባለፈው እትም ስለ ሦስተኛው የአቫታር ፊልም ጥቂት መስመር ብጽፍ የደብዳቤ ናዳ ወረደብኝ። ግማሹ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ይላል። ግማሹ «ይበቃናል፣ ሰለቸን» ይላል። ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። ፊልሙን ከልቤ እወደዋለሁ፤ የሚሰጡትን ቀጠሮ ማመን ካቆምኩ ግን ቆየሁ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያው አቫታር ሲወጣ 8ኛ ክፍል ነበርኩ። ሁለተኛው እስኪመጣ ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጃለሁ። በመሀል ስንት ጊዜ ‹ዘንድሮ ይወጣል› ሲባል ጠብቄ ቀረ። እንደ ኮንዶሚኒየም እጣ ነው የሆነብኝ። አሁን ደግሞ አራተኛው በ2029፣ አምስተኛው በ2031 ይባላል። ልመን?» — ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀኑን አትመን። ፊልሙን ግን ተስፋ አትቁረጥበት።

የሆነውን ላስታውስህ። አቫታር ዲሴምበር 2009 ወጣ። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 2010፣ ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮንና ያኔ የፊልሙ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ፎክስ ሁለት ተከታይ እንደሚሠሩ አሳወቁ። አንዱ ለ2014 መጨረሻ፣ ሌላው ለ2015 መጨረሻ ተባለ። 2013 ላይ ሁለቱ ሦስት ሆኑና ቀጠሮው ወደ 2016 ሄደ። 2015 ሲገባ ወደ 2017 ተገፋ። 2016 ላይ ሦስቱ አራት ሆኑ፣ ቀጠሮውም 2018 ሆነ። ቀጥሎ 2020 ተባለ። ዲዝኒ ፎክስን ሲገዛ ደግሞ 2021። ኮሮና መጣና 2022። በመጨረሻ ዲሴምበር 16 ቀን 2022 ወጣ። 13 ዓመት!

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። የሁለተኛው ፊልም ቀረጻ የተጀመረው ሴፕቴምበር 2017 ነው። ከዚያ በፊት የተነገረን ቀን ሁሉ አንድም ትዕይንት ሳይቀረጽ የተነገረ ነው። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ የተገፋው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ አንዱም የኮሮና ነው። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር አብሮ ስለተቀረጸ ቢዘገይም ዲሴምበር 2025 ላይ ደረሰ። ስለዚህ እኔ ቀን ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ያህሉ እንደተቀረጸ ነው።

የአራተኛው ፊልም መጀመሪያ አካባቢ ከሁለቱ ጋር አብሮ ተቀርጿል። ምክንያቱ ልጆቹ ናቸው። ስፓይደር የተባለውን ልጅ የሚጫወተው ጃክ ቻምፒየን የተወለደው በ2004 ነው። በየፊልሙ ተራ ቢጠብቁት ጢም አውጥቶ ያገኙታል። አራተኛው ታሪክ መሀል ላይ ዓመታት ስለሚዘል ልጆቹ አድገው የሚታዩበት ክፍል ለኋላ ተትቷል። ያ ገና ይቀረዋል። ካሜሮን ራሱም አራተኛውና አምስተኛው የሚሠሩት ሦስተኛው ገንዘቡን በደንብ ካመጣ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ሰውዬው የ1954 ልጅ ነው። 2031 ላይ 77 ዓመቱ ይሆናል።

የኔ ግምት ይኸው፦ አራተኛውን እናያለን፤ በ2029 ግን አይመስለኝም። አምስተኛውን ለጊዜው ከሐሳብህ አውጣው። «ቀረጻ ተጀመረ» ሲባል ከሰማህ ያኔ መጠበቅ ጀምር። አሁን ልጅህን አሳድግ።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ‹ያን ያህል ገንዘብ ሰብስቦ የዋናውን ሰውዬ ስም እንኳ የሚያስታውስ የለም› እያለ ያበሽቀኛል። እኔ በጣም ነው የምወደው። ግን ስሙን ስጠየቅ እኔም ጠፋብኝ! ምን ብዬ ልመልስለት?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙ ጄክ ሰሊ ነው። ሚስቱ ኔይቲሪ ናት። ዛሬ ማታ ቀድመሽ ንገሪው።

ይህ የባለቤትሽ አባባል የሱ ብቻ አይደለም። ለዓመታት ሲባል ኖሯል። 2022 ላይ ሁለተኛው ሊወጣ ሲል ደግሞ «ማን ሊያየው ነው?» የሚል ጽሑፍ በየቦታው ነበር። የሆነውን ግን እይው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የመጀመሪያውን፣ የ13 ዓመት አሮጌ ፊልም፣ እንደገና ሲኒማ ቤት አስገቡት። 70 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ከዚያ ሁለተኛው ወጣና ከ2.3 ቢሊዮን በላይ አስገባ። የመጀመሪያው እስካሁን በዓለም ላይ ብዙ ገንዘብ ያስገባ ፊልም ነው፤ ከ2.9 ቢሊዮን አልፏል። በ2019 አቬንጀርስ ኤንድጌም ቢቀድመውም በ2021 ቻይና ውስጥ ዳግም ሲታይ ቦታውን አስመልሷል። ይህን ሁሉ ሰው አስገድዶ ያስገባው የለም።

ባለቤትሽ ልክ የሆነበትም አለ፤ እሱን አልክድም። ታሪኩ ቀላል ነው። ወታደር ወደ ሰው አገር ይሄዳል፣ ከአገሬው ይዋደዳል፣ ወገኑን ይቃወማል። ከአፋቸው የሚወጣው ንግግርም ቤት ይዘነው የምንሄደው ዓይነት አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያየው በኮፒ ዲቪዲ፣ በትንሽ ቴሌቪዥን ነው። እዚያ ላይ ከፊልሙ የሚተርፈው ታሪኩ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ደካማው ጎኑ ነው። ስለዚህ «ምኑ ነው ይህን ያህል?» ያሉትን አልፈርድባቸውም።

ሰው ተመልሶ የሚሄደው ለቦታው ነው። በስሪዲ ሳየው አንድ ነገር አልረሳም። ሌሊት ነው፣ ጫካው ከሥር ያበራል። የዛፉ ዘሮች እንደ ነጭ ጄሊፊሽ በአየር ላይ እየቀዘፉ ይመጣሉ። ከፊቴ የተቀመጠች ትልቅ ሴትዮ እጇን ዘርግታ አንዱን ልትይዝ ሞከረች። የገጸ ባህሪ ስም አልጠየቀችም። ዲዝኒም ይህ ገብቶታል። 2017 ላይ፣ ገና አንድ ፊልም ብቻ እያለ፣ ፍሎሪዳ ባለው መናፈሻው ውስጥ የፊልሙን ዓለም፣ ፓንዶራን፣ ሠርቶ ለጎብኚ ከፈተ። ከኛ ይልቅ ላንቺ ይቀርባልና ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ይህን ያህል አስጠብቆን ነገር መድገሙ ነው የሚያናድደኝ። ያው ክፉው ኮሎኔል ክዋሪች ሞቶ ተመልሶ ይመጣል። ልጆቹ ይያዛሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግሞ ይያዛሉ። ሦስተኛው ላይም የመጨረሻውን ጦርነት ሳይ ሁለተኛውን እንደገና ያየሁ መሰለኝ። ሦስተኛውን ያዳነችልኝ ቫራንግ ናት፤ የአመድ ሕዝቦች መሪ። የምትጫወታት ኡና ቻፕሊን የታዋቂው የቻርሊ ቻፕሊን የልጅ ልጅ ናት። ሰውነቷ ብቻ ይናገራል። አራተኛው ከመጣ እሷን ይዞ ይምጣ።

ጥያቄ፦ «የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። አንድ ሰርግ ትንሽ ከዘገየብኝ ደንበኛው ስልኬን ያቃጥለዋል። ካሜሮን 13 ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር? ውሃን በኮምፒውተር መሥራት አይቻልም እንዴ?» — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው።

ውሃው በኮምፒውተር ይሠራል። ያስቸገረው ተዋናዩ ነው። ተዋናይን በገመድ አንጠልጥለህ «ዋና» ብትለው ሰውነቱ ይዋሻል። ፀጉሩ፣ ትከሻው፣ የእግሩ አረጋገጥ፣ ሁሉም ውሸት ይሆናል። ካሜሮን ይህን አልፈልግም አለ። ተዋናዮቹ ከነሞሽን ካፕቸር ልብሳቸው (እንቅስቃሴያቸውን ኮምፒውተር የሚመዘግብበት ነጥብ ያለበት ልብስ) እውነተኛ ውሃ ውስጥ እንዲገቡ ወሰነ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ማንሃተን ቢች ውስጥ 900 ሺህ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.4 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ ገንዳ ተሠራ።

ከዚያ ችግሩ ጀመረ። ልብሱ ላይ ያሉትን ነጥቦች ካሜራው የሚያነበው በመሬት ላይ በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ውሃ ደግሞ ኢንፍራሬድን ይውጠዋል። ስለዚህ ለውሃ ውስጥ ሌላ ዓይነት ብርሃን መጠቀም ነበረባቸው። ሰውዬው ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሲሆን ደግሞ ሁለት የተለያየ ሲስተም አንዱን ሰው እኩል መከታተል አለበት። የውሃው ገጽ ከሥር ሲያዩት መስታወት ነው፤ እያንዳንዱን ነጥብ ሁለት ያደርገዋል። ከላይ የሚገባው መብራትም ካሜራውን ያሳስተዋል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ የገንዳውን ፊት በትንንሽ ተንሳፋፊ ነጭ ኳሶች ሸፈኑት። ብርሃኑን ያግዳል፣ ተዋናዩ ግን ትንፋሽ ሲያጥረው ኳሶቹን ገፍቶ ይወጣል።

የቀረው አረፋ ነው። በአየር ሲሊንደር የሚተነፍስ ሰው አረፋ ይለቃል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ አረፋውን ነጥብ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ተዋናዮቹ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ፣ ትንፋሽ ይዞ መጥለቅን ከአሠልጣኝ ተማሩ። ኬት ዊንስሌት ከ7 ደቂቃ በላይ ይዛለች። ሲገርኒ ዊቨር በ70 ዓመቷ አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ቆይታለች። ፊልሙ ላይ የምትጫወተው የ14 ዓመት ልጅ ነው! ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ኒውዚላንድ ያለው የኮምፒውተር ምስል ኩባንያ ዌታ እያንዳንዱን ፊት፣ እያንዳንዱን የውሃ ጠብታ መሥራት የሚጀምረው።

13ቱ ዓመት በሙሉ ገንዳ ውስጥ አላለቀም እርግጥ። 2012 ላይ ካሜሮን ብቻውን በትንሽ ሰርጓጅ ወደ ማሪያና የባሕር ስምጥ ወርዶ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ደርሷል። ከዚያ የጽሑፍ ቡድን ሰብስቦ የአራቱንም ተከታዮች ታሪክ አንድ ላይ ሠሩ። ቀጠሮውን በይፋ እየደጋገሙ ማብሰራቸው ጥፋት ነበር። ሥራው ራሱ ግን ጊዜውን የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሰርጉን ደንበኛ በተመለከተ፦ የማትደርስበትን ቀን አትንገረው።

ጥያቄ፦ «ብዙ ቆይቶ የመጣ ተከታይ አንድም ቀን አምሮ አያውቅም። ልክ ነኝ?» — ከአዳማ

መልስ፦ ልክ አይደለህም፤ ምሳሌው ከራሱ ከካሜሮን ይጀምራል። ኤሊየን በ1979 ወጣ፤ ሁለተኛውን እሱ በ1986 ሠራው፣ በ7 ዓመቱ። ተርሚኔተር በ1984፣ ሁለተኛው በ1991፤ ይህም በ7 ዓመቱ። ሁለቱንም ከመጀመሪያዎቹ አስበልጦ የሚወድ ሰው ሞልቷል፣ እኔን ጨምሮ።

ያንተን ነገር የሚደግፍም አለ። ኢንዲፔንደንስ ዴይ በ1996 ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ነበር። በ20 ዓመቱ ያለ ዊል ስሚዝ ተመለሰና ግማሹን እንኳ አላገኘም። ስሙን ለመሸጥ ብቻ የተመለሰ ፊልም ያስታውቃል፤ የሚናገረው አዲስ ነገር የለውም። ብሌድ ራነር ደግሞ በ35 ዓመቱ ተመልሶ እጅግ የሚያምር ፊልም ሆነ፣ ሲኒማ ቤቱ ግን ባዶ ነበር። እሱ እስካሁን ይቆጨኛል።

መጠበቅ ግን ሰውም ያስከፍላል። የመጀመሪያውን አቫታር ሙዚቃ የሠራው ጄምስ ሆርነር በ2015 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ሁለተኛውን ሳያየው። ፕሮዲውሰሩ ጆን ላንዳው በጁላይ 2024 አረፈ። ሦስተኛውን ከሕዝብ ጋር ቁጭ ብሎ አላየውም።

ጥያቄ፦ «ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሁለተኛውን ሳያይ ሦስተኛው ይገባዋል? ርዝመቱንስ ይችለዋል?» — ከሐዋሳ፣ መምህርት

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ አይገባውም። ሦስተኛው የሚጀምረው በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ከሚደርሰው ሐዘን ጥቂት ቆይቶ ነው። ሁለተኛውን ቤት ውስጥ በሁለት ምሽት ከፍለው ያሳዩት፤ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። መጨረሻው ላይ አብረውት ይቀመጡ፣ ልጅ ይሞታል። ሦስተኛው ከዚህም ይረዝማል፣ ጭካኔውም ይብሳል። እኔ ብሆን ለእሱ አንድ ሁለት ዓመት እጠብቅ ነበር።

ጥያቄ፦ «ሦስተኛውን አንድ ጓደኛዬ ስልኬ ላይ ጭኖልኛል። ልየው?» — ከዱባይ

መልስ፦ አትየው። አንተ ያለህበት ከተማ አይማክስ፣ ያ ግዙፍ ስክሪን ያለው ሲኒማ፣ አለ፤ እዚህ ያለን ሰዎች የምንመኘው ነገር ነው። አሁንም እየታየ ከሆነ የዕረፍት ቀንህን ጠብቅና በስሪዲ ግባ። መሀል ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት አንድ ሦስተኛ ገባ ብለህ ተቀመጥ። ከሲኒማ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ፈልግ። ስልክህ ላይ ያለውን አጥፋው።